መቆየት ወይስ መሄድ፦ በትልቅ ኩባንያና በጀማሪ ኩባንያ መካከል የቆመች የሶፍትዌር መሐንዲስ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በቴክኖሎጂ ሙያ ላይ ያሉ ሰዎች ምክር ሲፈልጉ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ያለሁበት ሥራ አስተማማኝ ነው፣ የመጣልኝ ግን የሚያሳድገኝ ይመስለኛል። ልቆይ ወይስ ልሂድ?» የመሐንዲሶች ቡድን በመራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ሰው ሲቀጠርም ሲሰናበትም ውሳኔው ከሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነበርኩ። ከሰማኋቸው ሁሉ ይህንን መርጬ የምጽፈው ባለጉዳይዋ ሐሳቧን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በወረቀት ስላሰፈረችና ያጠያየቀችው ነገር ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችል ስለሆነ ነው።

ጽሑፉ በፈቃዷ የቀረበ ነው። እሷንም ሆነ ኩባንያዎቹን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች ቀርተዋል። የገንዘብ መጠኖችም እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ ሳይዛባ በትናንሽ ቁጥሮች ተተክተዋል። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

መሐንዲሷ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የገባችው አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ሲሆን እዚያው ስምንት ዓመት ሠርታለች። ያለፉትን አምስት ዓመታት ያሳለፈችው የኩባንያው ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ ፈትሾ ወደ ሰርቨር የሚያደርሰውን የውስጥ ሥርዓት በሚንከባከበው ቡድን ውስጥ ነበር። በሥራዋ የተመሰገነች ናት። ችግሩ፣ ያንን ሥርዓት ከኩባንያው አጥር ውጭ የሚያውቀው ሰው የለም። ሌሎች ኩባንያዎች ለተቀራራቢ ሥራ ጉግል በ2014 ለሁሉም ክፍት ያደረገውን፣ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያሠራውን ኩበርኔቲስን ሲይዙ የእሷ ኩባንያ ቀደም ብሎ በራሱ የሠራውን ይዞ ቀጠለ።

ክፍያዋ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ወርሃዊ ደመወዝ፣ የዓመት ጉርሻ እና በየሦስት ወሩ የሚለቀቅላት የኩባንያው አክሲዮን። ኩባንያው በገበያ የሚሸጥ አክሲዮን ስላለው በደረሳት ቀን ወደ ገንዘብ መለወጥ ትችል ነበር። ባለቤቷ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ስለሆነ ገቢው አንድ ወር ሞልቶ ሌላ ወር ይጎድላል። የቤት ብድርና አንድ ልጅ አላቸው። የቤቱ ምሰሶ የእሷ ደመወዝ ነበር ማለት ይቻላል።

በመስከረም 2022 ከአንድ ጀማሪ ኩባንያ ጥሪ መጣላት። ኩባንያው ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ 45 ሠራተኞች ያሉት፣ ገና ያላተረፈ ነው። የቀረበላት የቴክኒክ መሪነት ነበር። መደበኛ ደመወዙ ከነበራት በ10 በመቶ ያንሳል። በየሦስት ወሩ የምታገኘው አክሲዮንና ጉርሻው ስለሚቀሩ ግን እውነተኛው ቅናሽ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። በምትኩ 40,000 አክሲዮኖችን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ተሰጣት።

ወቅቱም የዋዛ አልነበረም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ወደ ዜሮ ተጠግቶ የቆየውን የወለድ መጠን በመጋቢት 2022 ከፍ ማድረግ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው። ይህ ለአንድ ፕሮግራመር ሩቅ ወሬ ይመስላል፤ አይደለም። ገንዘብ ያለ ወለድ ሲገኝ ባለሀብት ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ትርፍን ይታገሣል። ወለድ ሲወጣ ትዕግሥቱ ያጥራል፤ ያላተረፈ ኩባንያ አዲስ ገንዘብ ማግኘት ይከብደዋል፣ ያተረፈውም ወጪውን እንዲቀንስ ከባለአክሲዮኖቹ ግፊት ይመጣበታል። ጥሪው በደረሳት ጊዜ ይህ ንፋስ ሁለቱንም ቤቶች መንካት ጀምሮ ነበር።

ችግሩ

ዘመዶቿ የመለሱላት ሁላችንም የምናውቀውን ነው፤ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል»። የሙያ ጓደኞቿ ደግሞ በተቃራኒው «ስምንት ዓመት በአንድ ቦታ መቆየት ይበቃል፣ እየዛገሽ ነው» አሏት። ሁለቱም ወገኖች በፍቅር የተናገሩ ናቸው፤ ከሁለቱም ግን አንድ እንኳ ቁጥር የጠየቀ ወይም ያቀረበ አልነበረም።

ወደ እኔ ስትመጣ ያነሳችው ጥያቄ የትኛው ኩባንያ ይሻላል የሚል ነበር። ስናወራ እየቆየ የወጣው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። «አሁን ብሰናበት» አለች፣ «አምስት ዓመት ምን ስሠራ እንደቆየሁ ለሌላ ቀጣሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አልችልም።» እዚህ ላይ ጉዳዩ መልኩን ቀየረ። አስተማማኝ ብላ የያዘችው ሥራ ራሱ ከእሱ ለመውጣት ያላትን አቅም በየዓመቱ እየቀነሰው ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የሠራችው የነጥብ ሠንጠረዥ ነው። ደመወዝ፣ ዋስትና፣ እድገት፣ የሥራ ሰዓት፣ የሥራው ዓይነት ብላ ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጠች። ትልቁ ኩባንያ አሸነፈ። ማታ ክብደቶቹን ትንሽ ነካካቻቸው፤ ጀማሪው አሸነፈ። በማግስቱ ወረቀቱን አሳየችኝና በዚህ መንገድ መቀጠል ትርጉም እንደሌለው ተስማማን። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ለሰው የሚነግረው ልቡ የፈለገውን ነው፤ ስለ ኩባንያዎቹ የሚጨምረው እውቀት የለም።

ከዚያ በኋላ ዋስትናን በሦስት ከፈለችው። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ ይኖራል? እኔ ያለሁበት ቡድን ይኖራል? ሁለቱም ባይኖሩ ሌላ ሥራ ለማግኘት ስንት ወር ይፈጅብኛል? ትልቁ ኩባንያ የመጀመሪያውን ያለ ጥርጥር ያልፋል። በሁለተኛው ግልጽ መልስ አልነበራትም። በሦስተኛው ይወድቃል። ጀማሪው በመጀመሪያው ደካማ፣ በሦስተኛው ግን ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም የሚሠሩት በኩበርኔቲስ፣ ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት እና በሌሎች የትም የሚፈለጉ መሣሪያዎች ነው። ከዚህ በኋላ «አንዱ አስተማማኝ፣ ሌላው አደገኛ» የሚለው አነጋገር ከመካከላችን ጠፋ።

ቀጥሎ የቤቱ ሒሳብ መጣ። የቤት ብድሩን፣ የልጁን ወጪ፣ ምግብና ኢንሹራንስን ብቻ ይዘው ሁለቱም ገቢ ቢያጡ ያጠራቀሙት ስንት ወር እንደሚያቆያቸው አሰቡ። አምስት ወር ሆነ። በእጇ ያለውን የኩባንያውን አክሲዮን በግማሽ ዋጋው ነው የቆጠረችው፤ ሠራተኛ በሚቀነስበት ወቅት የኩባንያው አክሲዮንም ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚወርድ ይህን ጥንቃቄ ወድጄላታለሁ። ለመንቀሳቀስ ዘጠኝ ወር ያስፈልገናል ብለው ከባለቤቷ ጋር ተስማሙ። ቁጥሩ የሳይንስ ሕግ አይደለም፤ የእነሱ የእንቅልፍ ልክ ነው።

ከጀማሪው ኩባንያ የተገኘው ቁጥር

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ከጀማሪው ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ጋር ያደረገችው የስልክ ስብሰባ ነው። ቀድማ ጥያቄዎቿን በኢሜይል ልካ ነበር። ኃላፊው በባንክ ያለው ገንዘብ ለ24 ወራት እንደሚበቃ ነገራት።

«ይህ አሁን ባለው ወጪ ነው ወይስ በዚህ ዓመት የምትቀጥሯቸው ሰዎች ተጨምረው?» ስትል ጠየቀች።

ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ ሠንጠረዡን በስክሪኑ ላይ ከፈተላት። «ልክ ነዎት፣ አሁን ባለው ነው። እርስዎን ጨምሮ 14 ሰው ልንቀጥር አስበናል። ያኔ ወደ 15 ወር ይወርዳል።»

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለውን 12 ብንለው፣ ገቢው ተቀንሶ በየወሩ የሚወጣው 0.5 ነበር፤ 12 ለ0.5 ሲካፈል 24 ይሰጣል። ከቅጥሩ በኋላ ወርሃዊው ወጪ 0.8 ይሆናል፤ 12 ለ0.8 ሲካፈል 15 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ለሚቀጠር ሰው የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ወጪውን ከሚጨምሩት አንዱ እሱ ራሱ ነው።

በዚህ አላበቃችም። አዲስ ገንዘብ ማሰባሰብ ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ኩባንያው ካዝናው ከመድረቁ ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ባለሀብት ፍለጋ መውጣት አለበት። ስለዚህ 15 ወር ማለት ዘጠኝ ወር ጸጥታ፣ ስድስት ወር ደግሞ ፍለጋ ማለት ነው። የአክሲዮን መብቷ የሚጸናው፣ ማለትም በእርግጥ የእሷ የሚሆነው፣ በብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች እንደተለመደው በአራት ዓመት ሆኖ፣ የመጀመሪያው ሩብ የሚጸናው አንድ ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ብትሰናበት አንድም አይደርሳትም። ሦስቱን ቀኖች በአንድ መስመር ላይ ስታሰልፋቸው ሁሉም ነገር ቁልጭ አለ፤ በዘጠነኛው ወር ኩባንያው ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል፣ በአሥራ ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹ 10,000 አክሲዮኖች ይጸኑላታል፣ በአሥራ አምስተኛው ካዝናው ባዶ ይሆናል። ሠራተኛ ይቀነስ ከተባለ ደግሞ ሊቀነስ የሚችለው ፍለጋው ሲጠና፣ ማለትም በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር መካከል ነው። የመጀመሪያው ድርሻዋ እጇ የሚገባበት ቀን በትክክል ያ አደገኛ ወቅት ውስጥ ይወድቃል።

አክሲዮኑ በእርግጥ ስንት ያወጣል

40,000 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የኩባንያው አክሲዮን በጠቅላላው፣ ለሌሎች ሠራተኞች ቃል የተገባውም ተደምሮ፣ ስንት ነው ብላ ስትጠይቅ 13.3 ሚሊዮን ገደማ ነው አሏት። ድርሻዋ 0.3 በመቶ መሆኑ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የማይፈልግ ኩባንያ ቢያጋጥም የሰጠውን አክሲዮን ዜሮ ብሎ መቁጠር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጣዩ ጥያቄ ኩባንያው ቢሸጥ ማን ቀድሞ ይከፈለዋል የሚል ነው። ባለሀብቶች እስካሁን 30 አስገብተዋል፤ 40 በመቶውን ይዘዋል። በውላቸው መሠረት ኩባንያው ሲሸጥ ወይ ያስገቡትን 30 ቀድመው ይወስዳሉ፣ ወይ ይህን መብት ትተው እንደ ማንኛውም ባለድርሻ 40 በመቶአቸውን ይካፈላሉ፤ የሚጠቅማቸውን ይመርጣሉ። ኩባንያው በ40 ቢሸጥ የእነሱ 40 በመቶ 16 ብቻ ስለሆነ 30ውን ይወስዳሉ። የሚቀረው 10 ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ከሌሎቹ 60 በመቶ ውስጥ የእሷ 0.3 በመቶ ማለት 0.5 በመቶ ነው፤ 0.05 ይደርሳታል። አንድ ሰው ዝም ብሎ 0.3 በመቶን በ40 ቢያባዛ 0.12 ባገኘ ነበር። ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ የሚጠፋው የሽያጩ ዋጋ ከ75 ሲያልፍ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ የባለሀብቶቹ 40 በመቶ ካስገቡት 30 ይበልጣል። ይህም አራቱን ዓመት ጨርሳ፣ የመግዣ ዋጋውንና ግብሩን ሳይቀነስ፣ ሌላ ባለሀብት ገብቶ ድርሻዋን ሳያሳንሰው ነው።

ከሥራ ከወጣች በኋላ መብቷን ተጠቅማ አክሲዮኑን ለመግዛት የሚሰጣት ጊዜ 90 ቀን ነበር። ይህም በብዙ ኩባንያዎች የተለመደ ነው። ሥራ አጥቶ በሦስት ወር ውስጥ የማይሸጥ አክሲዮን ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው ያገኘውን መብት የሚጥለው በዚህ በኩል ነው።

የራሷን ቡድን መመርመር

አዲሱን ቤት ይህን ያህል ስትፈትሽ የቆየችበትን አለመፈተሽ ሚዛኑን ያዛባል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድትመለከት ሐሳብ ሰጠሁ። አንደኛ፣ የቡድኑ ሥራ ነገ ቢቆም ደንበኛ የሚያውቀው በስንት ቀን ነው? ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ከቡድኑ የወጡት ሰዎች ተተክተዋል?

መልሶቹ ደስ አይሉም ነበር። ደንበኛ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ከወጡት ሦስት ሰዎች አንዱም አልተተካም። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ በስብሰባ ላይ «የሚገዛ ሥርዓት ካለ ለምን እንሠራለን» ማለት ጀምሮ ነበር። የውስጥ መሣሪያ የሚሠራ ቡድን በበጀት ሰነድ ላይ የሚታየው እንደ ወጪ ብቻ ነው። ሥራው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህን አይለውጠውም፤ ይህ ኢፍትሐዊ ነው፣ ግን በብዙ ኩባንያ የማየው ሐቅ ነው።

ድርድሩና ውሳኔው

ለጀማሪው ኩባንያ ሦስት ጥያቄ አቀረበች። አክሲዮን የመግዣው ጊዜ ከ90 ቀን እንዲረዝም፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የሥራ መደቧ ቢታጠፍ የሁለት ወር ደመወዝ እንዲከፈላት በጽሑፍ እንዲገባላት፤ እንዲሁም የዓመት ጉርሻዋን ተቀብላ በየካቲት እንድትጀምር። የመጀመሪያውን ወደ አንድ ዓመት አራዘሙላት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እምቢ አሉ። ሁለተኛውን መከልከላቸውን በክፋት አላየሁትም፤ ትናንሽ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ቃል ለአንድ ሰው ሰጥተው ለሌላው ለመንፈግ ይቸገራሉ። ሆኖም ለ24 ወር የሚበቃ ገንዘብ አለን ላለ ኩባንያ የሁለት ወር ቃል ከባድ መሆኑ በራሱ መረጃ ነው።

ከጀማሪው ኩባንያ የወጡ ሁለት ሰዎችንም አነጋገረች። አንዱ ስለ ሥራ ብዛት አማረረ። ሁለተኛዋ ግን መሥራቾቹ መጥፎ ዜናን እንደማይደብቁ፣ ትልቅ ደንበኛ ሲለቃቸው በዚያው ሳምንት ለሠራተኛው ሁሉ እንደነገሩ መሰከረች። የፋይናንስ ኃላፊው ሠንጠረዡን የከፈተበት መንገድም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ይህ ቃል ውሳኔውን ሊያስቀይራት ተቃርቦ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ጥሪውን በአክብሮት መለሰችው። የአምስት ወር ቁጠባ ይዛ በ15 ወር ካዝና ላይ መቆም አልችልም አለች። ለመሥራቾቹም ምክንያቷን በቁጥር ጻፈችላቸው፤ በሩ አልተዘጋም።

ዋናው ነገር ግን እምቢታው አይደለም። በነበረችበት ቡድንም መቆየት እንደሌለባት ስለተረዳች በዚያው ወር በኩባንያው ውስጥ ወደ ክፍያ አገልግሎት ቡድን ለመዛወር አመለከተች። ይህ ቡድን ሥራው ቢቆም ደንበኛው በደቂቃ ውስጥ የሚያውቅ፣ ኩባንያው ገቢ ከሚያገኝበት ጋር የተያያዘ፣ ኩበርኔቲስንም መጠቀም የጀመረ ነበር። በታኅሣሥ ተዛወረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በኅዳር 9 ቀን 2022 (በፈረንጆች ኖቬምበር) የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 11,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። በጃንዋሪ 2023 ማይክሮሶፍት 10,000፣ የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት 12,000፣ አማዞን ከ18,000 በላይ ቅነሳ ይፋ አደረጉ። እነዚህ ካዝናቸው የሞላ ኩባንያዎች ናቸው። የመሐንዲሷም ኩባንያ በዚያው ወር ቅነሳ አደረገ። ከቀድሞ ቡድኗ 14 ሰዎች ስድስቱ ተሰናበቱ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ከእሷ ይልቅ ረጅም ዘመን የሠሩ ነበሩ። የክፍያ ቡድኑ አልተነካም።

ጀማሪው ኩባንያም ከቅነሳ አልተረፈም። በ2023 አጋማሽ ከሦስት ሠራተኞች አንዱን ቀነሰ፤ በ2024 ከቀድሞው ባነሰ ዋጋ አዲስ ገንዘብ አገኘ። ለእሷ ታስቦ የነበረውን ቦታ የያዘው ሰው ግን አልተቀነሰም፤ ሥርዓቱን የሚያውቀው እሱ ስለነበር ነው። ብትሄድ ኖሮ ምናልባት ሥራዋን ይዛ፣ አክሲዮኗ ረክሶ ትቀጥል ነበር። ውሳኔዋ ልክ ነበር የምለው ውጤቱን አይቼ አይደለም፤ በእጇ በነበረው መረጃ የምትችለውን ያህል ጠይቃ ስለወሰነች ነው።

በ2024 የጸደይ ወራት፣ ቁጠባቸው ዘጠኝ ወር ካለፈ በኋላ፣ ወደ አንድ መካከለኛ መጠን ያለውና ትርፋማ ኩባንያ ተዛወረች። ጥያቄዎቹ ተዘጋጅተው ስለነበር ውሳኔው ሁለት ሳምንት አልፈጀም። በቃለ መጠይቁ ላይ በክፍያ ቡድኑ የሠራችውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳች።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው፣ ቀኖቹን በአንድ መስመር ላይ ማሰለፉ ነው። የካዝናው ወር፣ የአክሲዮኑ ወር፣ የቤቱ ቁጠባ ወር ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ደህና ይመስሉ ነበር። የውስጥ ዝውውሩም ከጠበቅነው በላይ ጠቅሟል፤ ሰው መሄድንና መቆየትን ሲያመዛዝን በመካከል ያለውን ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ደመወዙ፣ የቤት ብድሩና የሠራተኛ መብቱ ሳይነካ የሥራው ባሕርይ የሚለወጥበት ርካሽ መንገድ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሏታል። አዲስ ቡድን ውስጥ የገባችው የዓመቱ ግምገማ ሊደርስ ሲል ስለነበር አዲሱ አለቃዋ የሚመሰክርላት ሥራ አልነበረውም። የደረጃ እድገቷ አንድ ዓመት ዘገየ። የቅነሳው መስፈርት ሌላ ቢሆን ደግሞ አዲስ ገቢነቷ ለስንብት ያጋልጣት ነበር። አንዳንድ ኩባንያ በቅርብ የገባን ሰው ነው አስቀድሞ የሚቀንሰው፤ ስለዚህ ዝውውርን እንደ መጠለያ አድርጎ መምከር አልደፍርም።

ያልሠራው የነጥብ ሠንጠረዡ ነው፤ ከላይ ተናግሬያለሁ። ብዙ ሰው ማማከሯም አልጠቀማትም። ከአሥር ሰው በላይ ጠይቃ ነበር፤ የጠቀሟት ከጀማሪው ኩባንያ የወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን ስለ ራሳችን ምርጫ ነበር የምንነግራት።

በመጀመሪያው ዝርዝሯ ላይ ያልነበረ አንድ ጥያቄም በኋላ ተጨምሯል። በመጋቢት 10 ቀን 2023 (በፈረንጆች ማርች) ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ፣ ገንዘባቸውን በሙሉ እዚያ ያስቀመጡ ብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የአስቀማጮች ገንዘብ በሙሉ እንደሚከፈል እስኪያስታውቁ ድረስ ደመወዝ እንዴት እንደሚከፍሉ ጨንቋቸው ቆይተዋል። በ2024 ስትፈልግ «ገንዘባችሁ በስንት ባንክ ነው?» የሚለውን ጠየቀች። ተጠያቂው ሳይገረም መለሰላት።

ለሌሎች የሚሆነው

የኩባንያው ትልቅነት የሚናገረው ስለ ኩባንያው ነው። ለሠራተኛው የሚበጀው ቡድኑ ለገቢ ያለው ቅርበት፣ በቤት ያለው የወራት ቁጠባና ነገ ሊሸጥ የሚችል ክህሎት ነው፤ ሦስቱን ደግሞ ማንም ቀጣሪ አይሰጥም። ጥሪ ሳይመጣ በፊት በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ይሻላል፤ ጥሪ ከመጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለው።

ከጀማሪ ኩባንያ ጥሪ የደረሰው ሰው ቢያንስ እነዚህን ይጠይቅ፤ ገንዘቡ ከታቀደው ቅጥር በኋላ ስንት ወር ያቆያል፣ አክሲዮኑ ከጠቅላላው ስንት በመቶ ነው፣ ባለሀብቶች ምን ያህል አስገብተዋል፣ ሲሸጥ ማን ቀድሞ ይወስዳል፣ ከወጣሁ በኋላ ለመግዛት ስንት ጊዜ አለኝ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ኩባንያ ይመልሳል፤ መልሱ ባያስደስትም እንኳ አመላለሱ ወደፊት መጥፎ ቀን ሲመጣ እንዴት እንደሚያናግሩህ ያሳያል።

ጉዳዩ የማይገጥማቸው

ይህ መንገድ ሁሉንም አይመለከትም። ገና ሥራ የጀመረ፣ የቤት ብድርም ልጅም የሌለበት ሰው ለ15 ወር ካዝና የሚሰጠው ክብደት ሊያንስ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት የሚማረው ይበልጥበታል። በአሜሪካ ኤች ዋን ቢ በተባለው የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሥራው ሲቋረጥ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም የመኖሪያ ሁኔታውን ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜ እስከ 60 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ዘጠኝ ወር የሚያቆይ ቁጠባ ቢኖረውም የሚገዛው ሁለት ወር ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሒሳቡ መጀመር ያለበት ከቁጠባው ሳይሆን በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ሊቀጥሩት የሚችሉ ኩባንያዎችን ስም ቀድሞ ከመጻፍ ነው። መሐንዲሷ የቀድሞ ቡድኗ ከተነካ በኋላ በዚህ ቪዛ ላይ ለነበረ አንድ ባልደረባዋ ይህንኑ ዝርዝር አብራው ቁጭ ብላ ጽፋለች፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ኩባንያ በሰባተኛው ሳምንት ቀጠረው።